ሦስት ቴስተር፣ አራት መልስ፦ የራውተር ባትሪ ሣጥን የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 3፣ ማታ

መብራት በጠፋ ቁጥር ዋይፋዩ አብሮ ይሄዳል። ያኔ ታናሽ ወንድሜ ትምህርቱን ከመሐል አቋርጦ ክፍሌ በር ላይ ይቆምና ያየኛል። ምንም አይልም፤ ያየኛል ብቻ። ኤሌክትሮኒክስ እወዳለሁ ብሎ ቤት ውስጥ ማውራት ለካ ዕዳ አለው። እናም ዛሬ ሣጥኑን ጀመርኩ፦ መብራት ሲኖር ባትሪ የሚሞላ፣ ሲጠፋ ራውተሩን በዚያው ባትሪ የሚያቆይ፣ ባትሪው ሊደክም ሲል ደግሞ ራሱ የሚቆርጥ።

ያለኝ ዕቃ፦ ከምናለሽ ተራ ያገኘሁት 15 ቮልት 2 አምፔር የተጻፈበት ትራንስፎርመር (የግድግዳውን ቮልቴጅ የሚያወርድ)፣ ከአሮጌ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆይ ሣጥን) የወጣ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ አራት ወፍራም ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ 4700 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም)፣ ሪዚስተር (ከረንት የሚገታ) በላስቲክ። ቴስተሬ (የቮልቴጅ መለኪያዬ) ሁሉም ሰው ቤት ያለው ቢጫው ዲቲ830 ነው።

የመጀመሪያው ልኬት ራሱ አሳቀኝ። ግድግዳው ላይ 271 ቮልት። የኛ ሰፈር መብራት ከ220 ከፍ ዝቅ ማለቱ አዲስ አይደለም፤ 271 ቢሆን ግን ፍሪጁ እስከ ዛሬ አይተርፍም ነበር። ትራንስፎርመሩ ላይ 20.5። እሱም ከፍ ብሏል። ሁለቱም አንድ ላይ ከፍ ማለታቸው ነው ጠርጥሬ እንድቆም ያደረገኝ። ካሸጊያው ገና የወጣ ባትሪ ድንጋይ ለካሁ፦ 1.93። አዲስ ድንጋይ 1.6 አካባቢ ነው መሆን ያለበት፤ 1.93 የሚሰጥ ድንጋይ ማንም አይሸጥም።

ጥፋቱ የቴስተሩ የራሱ ባትሪ ነበር። ይህ ዓይነቱ ቴስተር የሚለካውን ቮልቴጅ ውስጡ ካለ ማመሳከሪያ ጋር እያነጻጸረ ነው ቁጥር የሚያወጣው። የ9 ቮልቱ ባትሪ ሲደክም ማመሳከሪያው ይወርዳል፤ መለኪያው ሲያጥር ደግሞ የሚለካው ሁሉ የረዘመ ይመስላል። እንደ ሰው ደክሞት ዝቅ ያለ ቁጥር ቢናገር ኖሮ ቶሎ ይነቃበት ነበር፤ እሱ ግን ሲደክም ያጋንናል። ባትሪውን ቀየርኩ፦ ድንጋዩ 1.62፣ ግድግዳው 228፣ ትራንስፎርመሩ 17.2።

17.2ም ቢሆን ከተጻፈው 15 ይበልጣል። ይሄኛው ግን ትክክል ነው። 15 የሚለው ሙሉ 2 አምፔሩን ሲሸከም የሚሰጠው ነው፤ ጭነት ሳይኖረው ከፍ ይላል። ዳዮዶቹንና ካፓሲተሩን ስጨምር 23.2 ሆነ። ካፓሲተር የሚሞላው እስከሚወዛወዘው የኤሲ ማዕበል ጫፍ ነው፤ 17.2 በ1.414 ሲባዛ 24.3፣ ሁለት ዳዮድ የሚበሉት ሲቀነስ 23.2። እንግዲህ 15 ከተጻፈበት ዕቃ 23 ቮልት ወጣ ማለት ነው፣ ማንም ሳይዋሽ። ካፓሲተሩን በ25 ቮልት ልገዛ ነበር። ሻጩ «35ቱን ውሰጂ፣ እሱ አይፈነዳም» ብሎኝ ነው የተረፍኩት።

ኅዳር 5

ኤልኤም317። ሁለት ሪዚስተር አድርገሽ የፈለግሽውን ቮልቴጅ የምታወጪበት፣ ሦስት እግር ያለው የታወቀ ሬጉሌተር። የምፈልገው 14.2 አካባቢ ነው፤ ከዚያ አንድ ዳዮድ አልፎ ባትሪው ጋ 13.6 ይደርሳል። ዳዮዱ የገባው መብራት ሲጠፋ ባትሪው ወደ ኋላ ሬጉሌተሩ ውስጥ እንዳይፈስ ነው።

እጄ ላይ የነበረው 1 ኪሎ ኦምና 10 ኪሎ ኦም ነበር። በሒሳቡ ከ14 እምብዛም ማለፍ የለበትም። የለካሁት 19.3። ሪዚስተሮቹን ነቅዬ ለካኋቸው፤ ደህና ናቸው። ኤልኤሙን በሌላ ቀየርኩ፤ 19.1። ሁለት ዕቃ በአንድ ዓይነት ከተበላሸ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ዕቃው ሳይሆን የኔ ሐሳብ ነው።

ወደ አንድ ሰዓት ገደማ አባከንኩ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ የሬጉሌተሩ ውጤት (ቮልቴጁ የሚወጣበት እግር) ላይ 1 ኪሎ ኦም ጭነት አደረግኩ። ወዲያው 14.3 ላይ ወርዶ ቆመ፣ ልክ እንደ ጨዋ ልጅ።

ኤልኤም317 የራሱ ግራውንድ (ዜሮ ቮልት) እግር የለውም። ውስጡ ለራሱ ሥራ የሚጠቀምበት ከረንት የሚወጣው በውጤቱ እግር በኩል ነው። ለዚያ ከረንት የሚሄድበት መንገድ ካልተሰጠው፣ ጥቂት ሚሊ አምፔር የሚጠጣለት ከሌለ፣ ቮልቴጁን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። የኔ ትልልቅ ሪዚስተሮች የሚያሳልፉለት 1 ሚሊ አምፔር ከምናምን ብቻ ነው። በ240 ኦምና (2.2 ኪሎ ከ270 ኦም ጋር ተቀጥሎ) በ2.47 ኪሎ ቀየርኳቸው። አሁን ባዶውንም፣ ተጭኖም 14.2።

እማዬ ገብታ «ያ ሣጥን አልበራም ዛሬም?» አለች። ሣጥን እንኳ አልሆነም ገና።

ኅዳር 9

ቆራጩ ክፍል። ኤልኤም393 ሁለት ቮልቴጅ ያወዳድራል፦ አንዱ ከቲኤል431 የሚመጣ የማይነቃነቅ 2.49፣ ሌላው ከባትሪው በሁለት ሪዚስተር ተከፍሎ የሚመጣ። ባትሪው ደህና ሲሆን ውጤቱ ቢሲ547 የተባለውን ትራንዚስተር ያስነሣል፣ እሱ ሪሌዋን (በኤሌክትሪክ የምትሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ይጎትታል።

ውጤቱ ላይ ስለካ 0.31፤ ዞር ብዬ ስመለስ 0.18፤ ጣቴን ሳስጠጋ 1.4። በጣት የሚወዛወዝ ቮልቴጅ ቮልቴጅ አይደለም፤ ያልታሰረ ሽቦ ነው። የኤልኤም393 ውጤት ወደ ታች መሳብ እንጂ ወደ ላይ መግፋት አያውቅም፤ ወደ ላይ የሚያወጣው ሪዚስተር ከኛ ነው። 10 ኪሎ ጨመርኩ፣ 12.6 ሆነ። ቢሲ547ን ሳገናኝ ደግሞ 0.7 ላይ ወደቀ። «ማን በላው?» ብዬ ልጮህ ስል ሪሌዋ ጠቅ ብላ ያዘች። የትራንዚስተር ቤዝ እኮ ነው፤ እንደ ዳዮድ 0.7 ላይ ይይዘዋል፣ የቀረው 12 ቮልት ሪዚስተሩ ላይ ነው ያለው። ቁጥሩ ቢያስደነግጥም ሥራው ደህና ነው።

ኅዳር 12

ጠዋት የቃጠሎ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ካቻቢቴ በእጄ እንደያዝኩ ወደ ጠረጴዛው ሮጥኩ። ምንም የለም። ከዚያ መስኮቱን ሳየው ሰፈሩ ሁሉ ጭስ ነው። ኅዳር ሚካኤል! ቆሻሻው እየተቃጠለ ኅዳር እየታጠነ ነው። ወንድሜ እስኪያመው ሳቀብኝ።

ከሰዓት ግን የሣቅ ነገር አልነበረም። የባትሪውን ቮልቴጅ የሚከፍሉት ሪዚስተሮች 820 ኪሎና 220 ኪሎ ናቸው። ትልቅ የመረጥኩት ባትሪ ለመቆጠብ ብዬ ነው። ባትሪው 12.6 ሲሆን መሐላቸው ላይ 2.66 ይገኛል፤ ከ2.49 ይበልጣል፤ ሪሌዋ ትይዛለች። ያዘችም። ራውተሩን ገና ስላላመንኩበት በምትኩ የ12 ቮልት ትንሽ ኤልኢዲ አገናኝቻለሁ። በራ።

ጥቁሩን ጫፍ ግራውንድ ላይ፣ ቀዩን መሐል ነጥቡ ላይ አሳረፍኩ። ጠቅ! ኤልኢዲው ጠፋ። ቴስተሩ 2.27 ይላል።

ቀዩን አነሣሁ። ጠቅ! በራ። ደገምኩት። ነካሁ፣ ጠፋ፤ ለቀቅኩ፣ በራ። ኤልኢዲውን በቴስተር ጫፍ የማብራትና የማጥፋት ሥራ የጀመርኩ መሰለኝ። መጀመሪያ ላይ ሶልደሩ የላላ መስሎኝ ነጥቡን እንደገና በየድኩት። በእንጨት ነካሁት፤ ምንም። በካቻቢቴ ነካሁት፤ ምንም። በቴስተሩ ብቻ ነው የሚጠፋው።

ከጎረቤት ሌላ ቴስተር ለመንኩ፣ ሬንጁን (የመለኪያ ክልሉን) ራሱ የሚመርጥ፣ ዋጋው ከፍ ያለ። እሱ ሲነካው ኤልኢዲው አልጠፋም፤ 2.62 አነበበ። አሁን ሦስት ቁጥር አለኝ፦ ሒሳቡ 2.66፣ አንዱ ቴስተር 2.62፣ ሌላው 2.27። ሁለቱም ቴስተሮች ባትሪ ድንጋዩን 1.62 ይሉታል። ሁለቱም ደህና ናቸው ማለት ነው። እንቅልፍ የለም ዛሬ።

ኅዳር 13

ቦርዱን በካርቶን አድርጌ የሰፈራችን ራዲዮ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ጋሼ ቀና ብለው ሳያዩኝ፣

«ስንት ይላል?» አሉ።

«2.27፣ ጋሼ። በሌላው 2.62። በሒሳብ 2.66 ነው።»

«የኔን እንጠይቀው» ብለው ከመሳቢያ ያንን በጥቁር ቆዳ የታሰረ የመርፌ ቴስተራቸውን አወጡ። መምረጫውን 10 ቮልት ላይ አድርገው ነኩት። ሪሌዋ ጠቅ አለች፣ ኤልኢዲው ጠፋ፣ መርፌዋ 1.4 ላይ ቆመች። አራተኛ ቁጥር።

«ተበላሽቷል እንዳትዪ» አሉኝ። «አሁን ተመልከቺ።» መምረጫውን ከ10 ወደ 2.5 አዞሩት። የሚለካው ነገር አልተነካም፣ ያው ነጥብ ነው። 1.4 በ2.5 ሬንጅ ላይ ከመሐል አለፍ ብላ መቆም ነበረባት። መርፌዋ ተንቀጥቅጣ 0.6 ላይ አረፈች።

«አየሽ? እየጠጣ ነው የሚለካው። ጠላ ከጋን ስትቀምሺ ጋኑ አያውቅም። ከሲኒ ስትቀምሺ ግን ቀምሰሽ ሳትጨርሺ ሲኒው አለቀ። የሠራሽው ነገር ሲኒ ነው።»

መርፌዋ የቆመችበት ገጽ ግርጌ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ተጽፏል፦ ለእያንዳንዱ ቮልት 20 ኪሎ ኦም። ማለት በ10 ሬንጅ ላይ ቴስተሩ ራሱ 200 ኪሎ ኦም ሪዚስተር ነው፤ በ2.5 ላይ 50 ኪሎ ኦም። ያንን ከ220ው ኪሎ ጎን ሳገናኝ አዲስ ሪዚስተር በትይዩ እየበየድኩ ነው፣ ሳላውቀው። የኔ ዲቲ830 በሁሉም ሬንጅ 1 ሜጋ ኦም ነው፣ የጎረቤቱ 10 ሜጋ። ለዚህ ነው ሬንጅ ብቀያይር ምንም ያልነገረኝ፤ ዲጂታሉ በሁሉም ሬንጅ እኩል ይጠጣል። የሚናቀው የመርፌ ቴስተር ግን ሬንጅ ሲቀየር መልሱን በመቀየሩ ራሱን አጋለጠ። «ቁጥር ሲያጠራጥርሽ ሬንጅ ቀይሪ፤ መርፌው ሐሳቡን ከቀየረ ቦርዱን ሳይሆን መርፌውን ጠርጥሪ» አሉኝ። ሻይ ጋበዙኝ፤ ገንዘብ አልተቀበሉም።

ማታ ቤት ገብቼ በወረቀት ሠራሁት። 220 ኪሎ ከ1 ሜጋ ጋር በትይዩ 180 ኪሎ ይሆናል፤ 12.6 በዚያ ሲከፈል 2.27። ልክ ያነበብኩት። በ10 ሜጋው 2.62። ልክ። በጋሼ 10 ሬንጅ 1.43፣ በ2.5ቱ 0.6። ሁሉም ልክ! የቴስተሮቹ አራት መልሶች ሁሉም እውነት ናቸው። እያንዳንዱ ቴስተር እሱ በተጨመረበት ሰርኪዩት ላይ ያለውን ቮልቴጅ በትክክል ነግሮኛል። እሱ የሌለበትን ግን አንዳቸውም አላዩትም።

ከዚህ የወደድኩት፦ የሁለት ቴስተር ልዩነት ራሱ መረጃ ነው። የሪዚስተሮቹን ዋጋ እንደማላውቅ ቆጠርኩ። እውነተኛው ቮልቴጅና የነጥቡ የውስጥ ሪዚስታንስ ሁለቱ ብቻ ናቸው የማላውቃቸው፤ 2.27 በ1 ሜጋ፣ 2.62 በ10 ሜጋ ሁለት እኩልታ ይሰጡኛል። ስፈታው 174 ኪሎ ኦምና 2.66 ቮልት ወጣ። 820ው ከ220ው ጋር በትይዩ 173.5 ኪሎ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፎ ነበር፤ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ኅዳር 14

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፦ ያንን 2.66 በዓይኔ ማየት። 10 ኪሎ ቮሊዩም (በማዞር የሚስተካከል ሪዚስተር) ባትሪው ላይ አገናኘሁ። ቴስተሬን ከግራውንድ ጋር ሳይሆን በቮሊዩሙ መሐል እግርና በነጥቡ መካከል አደረግኩት፤ ቮሊዩሙን ዜሮ እስኪያነብ አዞርኩ። ዜሮ ማለት በሁለቱ መካከል የሚሄድ ከረንት የለም፤ ከረንት ከሌለ የሚጠጣ የለም። ኤልኢዲውም አልጠፋም። ከዚያ ቮሊዩሙን ለብቻው ለካሁት፤ እሱ ጠንካራ ስለሆነ ቴስተር አይረብሸውም። 2.66። በዚያው ርካሽ ቢጫ ቴስተር! ዘዴው በጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ በፖጌንዶርፍ ስም የሚታወቅ ከ1841 ጀምሮ ያለ ነው፤ ጥሩ ቴስተር ለሌለው ሰው ዛሬም ያገለግላል።

ከዚያ 820ውን በ82፣ 220ውን በ22 ኪሎ ተካሁ። አሁን ዲቲ830 ሲነካው 2.62 ይላል፣ ሪሌዋም አትደነግጥም። «ባትሪ ለመቆጠብ» ያልኩትን ደግሞ አሰላሁት። ትልልቆቹ ሪዚስተሮች 12 ማይክሮ አምፔር ይወስዱ ነበር፣ አዲሶቹ 121። የተቆጠበው 0.1 ሚሊ አምፔር አካባቢ ነው። ሪሌዋ ግን ስትይዝ 30 ሚሊ አምፔር ትጠጣለች! በማንኪያ እየቆጠብኩ በባልዲ እያፈሰስኩ ነበር።

ሌላ፦ ከኤልኢዲው ይልቅ የ10 ዋት የመኪና አምፖል አድርጌ ባትሪው እስኪደክም ስጠብቅ፣ መቁረጫው ላይ ሲደርስ ሪሌዋ እንደ እጅ ማጨብጨብ ጀመረች። ስትቆርጥ ባትሪው ጭነት ስለሚቀልለት ቀና ይላል፤ ቀና ሲል ትይዛለች፤ ስትይዝ ይወርዳል። ቴስተሩ በዚህ ሁሉ መሐል ረጋ ብሎ 11.9 ያሳያል፤ በሰከንድ ሁለት ሦስቴ ብቻ ነውና የሚያየው። ትራንዚስተሩ ቤዝ ላይ 10 ኪሎ ጨምሬ፣ ከውጤቱ ወደ መግቢያው 470 ኪሎ መለስኩለት። አሁን 11.2 ላይ ይቆርጣል፣ 12.2 ካልደረሰ አይመልስም። ውጤቱ ላይ 6.6 ይነበባል፤ ይሄኛው አላስደነገጠኝም።

ኅዳር 17

ሁሉንም በብረት ሣጥን ከተትኩ። እጅ ሊነካው ስለሆነ ከመዝጋቴ በፊት ሣጥኑን ከምድር ጋር ለካሁት፣ በ10 ሜጋው ቴስተር። 87 ቮልት ኤሲ። ፌዝ ቴስተሩም (መብራት ያለበትን ሲነካ የሚበራው ካቻቢቴ) ደብዘዝ ብሎ በራ።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። 87 ቮልት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ የትራንስፎርመሩ ጥቅል ተላጥቶ ብረቱን ነክቷል፣ ወይ ጥላ ነው። ከኅዳር 13 በፊት ቢሆን ትራንስፎርመሩን እጥለው ነበር። አሁን የማውቀውን ጥያቄ ጠየቅኩ፦ ትንሽ ሲጠጣለት ይቆማል ወይ? 100 ኪሎ ኦም በሣጥኑና በምድር መካከል አድርጌ (ስፒናው ተነቅሎ፣ ካገናኘሁ በኋላ ሰክቼ፣ አንድ እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ) ለካሁ። 0.9 ቮልት። ጥላ ነው። የ220ው ጥቅልና የብረቱ ሣጥን መካከል ያለው ክፍተት ራሱ ትንሽ ካፓሲተር ነው፤ ከቁጥሮቹ ወደ 130 ፒኮፋራድ ይመጣል። በዚያ የሚያልፈው ከረንት 10 ማይክሮ አምፔር አይሞላም፣ ሰው አይሰማውም። ጥቅሉ ብረቱን ነክቶ ቢሆን ኖሮ 100 ኪሎው እያለም 87ቱ ሳይወርድ በቆመ ነበር።

ያም ሆኖ ሣጥኑን ከምድር ሽቦ ጋር በብሎን አሰርኩት፣ ፊውዝም በ220ው በኩል አስገባሁ። ዛሬ ጥላ የሆነ ነገ ሽቦ ሲላጥ ጥላ አይሆንም። ቤታችሁ ሶኬት ላይ የምድር ሽቦ መኖሩን ደግሞ ቀዳዳውን አይታችሁ አትመኑ፤ ቀዳዳው ኖሮ ከኋላው ሽቦ የሌለበት ቤት አይቻለሁ፣ የኛን ጨምሮ። የኛን ያስቀጠልነው ባለፈው ክረምት ነው።

ኅዳር 20

ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል መብራት ሄደ። መብራት ሲጠፋ የተደሰተ ሰው ከሰፈሩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሪሌዋ እንደያዘች ነው፣ ራውተሩ በራ… ጠፋ። በራ… ጠፋ። መብራቶቹ ተራ በተራ እስኪመጡ ይጠብቅና ልክ ዋይፋይ ሊለቅ ሲል እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ወንድሜ በሩ ላይ ቆመ።

በሻማ ብርሃን ለካሁ። ባትሪው ጫፍ ላይ 12.5። ራውተሩ የሚሰካበት ላይ 9.7። ቮልቴጁ ለራውተሩ እንዳይበዛበት ሁለት ዳዮድ በመንገዱ ላይ አለ፣ እነሱ 1.6 ይበላሉ፤ 10.9 ነበር መድረስ ያለበት። 1.2 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ራውተሩን ስነቅለው ደግሞ ሁሉም ያማረ ነው፦ መሰኪያው ላይ 11.9። ባዶ ሽቦ ላይ ጥፋት አይታይም፤ ዳዮዶቹም ሳይቀሩ ከረንት ሳይኖር በግማሹ እንኳ አይበሉም።

ስለዚህ ራውተሩ እንደተሰካ፣ ከግራውንድ መለካት ትቼ የጠፋውን ራሱን መፈለግ ጀመርኩ። ሁለቱን ጫፍ በአንድ ሽቦ ግራና ቀኝ ማድረግ፤ ደህና ሽቦ ዜሮ ማንበብ አለበት። የባትሪው ፕላስ እስከ ፊውዝ መያዣው፦ 0.01። የፊውዝ መያዣው ግራና ቀኝ፦ 0.71። አገኘሁት አንዱን። አውጥቼ ሳየው የመያዣው ምላስ አረንጓዴ ዝገት ይዟል፣ ከአሮጌው ዩፒኤስ ያወጣሁት ነው። በአሸዋ ወረቀት ፈትጌ በፒንሳ ጠበቅ አደረግኩት፤ 0.02።

ሁለተኛውን ለማግኘት የቆየሁት ስላልጠረጠርኩት ነው። ግራውንድ። ጥቁሩን ባትሪው ማይነስ ላይ፣ ቀዩን የቦርዱ ማይነስ ላይ፦ 0.46። ሁለቱም በወረቀቴ ላይ «ግራውንድ» ተብለው በአንድ ምልክት ነው የተሣሉት፤ በወረቀት አንድ ቦታ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ከብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ መሞከሪያ ሰሌዳ) ጋር የሚመጣው ቀጭኑ ባለ ፒን ሽቦ ነው። ከፍሪጁ በር ማግኔት አምጥቼ የላጥኩትን ጫፉን አስጠጋሁበት። ሽቦው ተነሥቶ ማግኔቱ ላይ ተለጠፈ። መዳብ ማግኔት አይወድም፤ ይሄ መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ግማሽ አምፔር ሲያልፍበት ግማሽ ቮልት የሚጠጋ ይበላል፣ ራውተሩ ሲነሣ አንድ አምፔር ሲጠይቅ ደግሞ የሁለቱም ኪሳራ እጥፍ ሆኖ መሰኪያው ከ9 በታች ይወርዳል። የኔ ራውተር ከ9 በታች አይቆምም። ያንን መውረድ ቴስተሩ አላሳየኝም፤ በዓይን ጥቅሻ የሚያልፍ ነገር ነው። 9.7 ያለኝ ረጋ ሲል ያየውን ነው።

የቤት መስመር የሚዘረጋበት 1.5 ሽቦ ቆርጬ ተካሁት። መሰኪያው ላይ 10.8። ራውተሩ ተነሣ፣ ቆመ። ወንድሜ ሄደ፤ አመሰግናለሁ እንኳ አላለም።

ኅዳር 24

ዛሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ስፒናውን ነቅዬ ተውኩት፣ እስኪቆርጥ። ራውተሩና ሪሌዋ አንድ ላይ ከግማሽ አምፔር ትንሽ የሚበልጥ ይወስዳሉ፤ ባትሪው አዲስ ቢሆን ከ11 ሰዓት በላይ በቆየ። ከአሮጌ ዩፒኤስ የወጣ ነው፤ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቆየ። ሲቆርጥ አጠገቡ ነበርኩ። 11.2፣ ጠቅ፣ አንዴ ብቻ። ባትሪው ቀስ እያለ 11.8 ድረስ ቀና አለ፣ ሪሌዋ አልተነቃነቀችም። ስፒናውን ስሰካ 12.2 ላይ ያዘች።

የጎረቤቱን ቴስተር መለስኩ። ጋሼ ጋ ደግሞ አለፍ ብዬ፣ ሣጥኑን ሳይሆን የብረቱን ሽቦ አሳየኋቸው። ማግኔት ከድምፅ ማጉያ ነቅለው ሞከሩት፣ ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው የራሳቸውን ሽቦዎች አንድ በአንድ ማስጠጋት ጀመሩ። ስወጣ ሰባተኛው ላይ ነበሩ፤ አራቱ ተለጥፈዋል።